ነብርና ጭልፊት በአንድ ወገን

በዚያ ዓመት የፍኖተ ሰላም ጎረምሳ ሁሉ በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ የነብር ወገን ነው፣ ግማሹ የጭልፊት። ነብርና ጭልፊት የሁለት የድብድብ ጌሞች ስም ናቸው። እውነተኛ ስማቸው በሲዲዎቹ ሽፋን ላይ በባዕድ ፊደል ተጽፏል፤ ማንም አንብቦት ስለማያውቅ ግን ልጆቹ በሥዕሉ ሰይመዋቸው በዚያው ቀሩ። የነብር ተደባዳቢዎች ወፋፍራም ናቸው፤ መሬት ረግጠው በክንዳቸው ይመታሉ። የጭልፊቶቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ዘለው ከላይ ይወርዳሉ። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር በትምህርት ቤት ተጀምሮ፣ በኳስ ሜዳ ቀጥሎ፣ አንዳንዴ በእውነተኛ ቡጢ ያልቃል።

ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የወይዘሮ ፋናዬ ጌም ቤት ሁለት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቀኙ ነብር፣ በግራው ጭልፊት ይጫወቱበታል። የነብር ልጅ በጭልፊት አግዳሚ ላይ አይቀመጥም። ቦታ ቢጠብ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይቀመጥም።

ቤቱን የምትጠብቀው የወይዘሮ ፋናዬ የወንድም ልጅ ያምሮት ናት። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው ቀያቸው ወደ አክስቷ የመጣችው ታላቅ ወንድሟ ክንዱ በተገደለ ዓመት ነበር። ክንዱን የገደለው የጎረቤታቸው የአቶ ይሄይስ ልጅ ደጀኔ ነው። በእርሻ ወሰን ተጣልተው፣ ነገሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከስድብ ወደ ዱላ፣ ከዱላ ወደ ጥይት አለፈ። ደጀኔ ረጅም እስራት ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ። በሕጉ በኩል ጉዳዩ በዚሁ አበቃ፤ በቀዬው ግን አላበቃም። ገዳዩ እጅ ካልገባ ደሙ በወንድሙ ላይ ያርፋል። ደጀኔ ደግሞ ያለው አንድ ወንድም ነው፤ ስሙ ጋሹ ይባላል።

ጋሹ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዱርቤቴ ከተማ አክስቱ ዘንድ ስላደገ በቀዬው መልኩን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሙያ ተምሮ ፍኖተ ሰላም መጣና ከጌም ቤቱ ቀጥሎ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ይጠግን ጀመር። የተሰበረ ጆይስቲክ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ጆይስቲኮቹን የምትወስደውም የምታመጣውም ያምሮት ናት። የማን ልጅ እንደሆነ የነገራት ራሱ ነው። በነገራት ቀን ግን ሁለቱም ዓይናቸውን ከመሰባበር አልፈው፣ አንዱ የሌላውን የእግር ኮቴ ከግድግዳ ማዶ ለይቶ የሚያውቅበት ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። ያን ቀን ያምሮት ወደ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። በማግስቱ ምንም ያልተበላሸ ጆይስቲክ ይዛ ተመልሳ መጣች።

አዲሱን ሲዲ ጋሹ ከባሕር ዳር ይዞት የመጣው በኅዳር ወር፣ በገበያ ቀን ነበር። ሽፋኑ ላይ ነብሩም ጭልፊቱም አሉ።

«ውሸት ነው!» አለ አንዱ የነብር ልጅ። «ነብርና ጭልፊት እንዴት አንድ ሲዲ ውስጥ ይገባሉ? አንድ ቦዘኔ ቀጣጥሎት ነው።»

«እውነተኛ ነው» አለ ጋሹ። «ሠሪዎቹ እኮ በገበያ ሲናቆሩ የኖሩ ሁለት ድርጅቶች ናቸው። ተስማምተው አብረው ሠሩት።»

«ማን አስታረቃቸው?»

«ሽማግሌ ተልኮ ነዋ! አንዱ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ» አለ ከጭልፊት አግዳሚ ሌላው፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹ ሲበተኑ ጋሹ ጆይስቲክ አንሥቶ ለያምሮት ሰጣት። በአዲሱ ጌም ሁለት ሰዎች ጥንድ ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ከነብር፣ ሌላው ከጭልፊት። አንዱ ሲደባደብ ሌላው ከኋላ ይጠብቃል፤ የተጎዳው ሲወጣ የጠበቀው ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ከወደቀ ግን የተሸነፉት ሁለቱም ናቸው። ጋሹ ነብሩን መረጠ፣ ያምሮት ጭልፊቷን።

«እስቲ ልምታህ» አለችና ጭልፊቷን ወደ ነብሩ አዘለለቻት። የጭልፊቷ እግር በነብሩ ገላ ውስጥ እንደ ጭስ አለፈ። «ምነው? አይነካም እንዴ?»

«አንድ ወገን ነን። አንድ ወገን ከሆኑ በኋላ መነካካት የለም።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ተወችው። በስክሪኑ ላይ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። «ጋሹ፣ እነዚህ ከታረቁ... የኛስ ሰዎች?»

«አባትሽ የልጁን ደም ረስቶ ለይሄይስ ቤት ይድርሻል?»

«እንዲረሳ አይደለም። ዕርቅ ይውረድ ነው የምልህ። ከዕርቅ በኋላ የተጋቡ ቤቶች አሉ፤ እናቴ ስትቆጥራቸው ሰምቻለሁ።»

ጆይስቲክ ሲቀባበሉ ከሚነካካው ጣታቸው በቀር አንድም ቀን ተነካክተው አያውቁም። አሁን ግን ጋሹ የእጇን ጀርባ በአንድ ጣቱ ነካና ቶሎ ሰበሰበው። ያምሮት ለረጅም ጊዜ ያልተሰማት ነገር ተሰማት። ተስፋ መሆኑን ስታውቅ ፈራች።

* * *

ታናሽ ወንድሟ እጅጉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ ይመጣል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። አባቱ በርበሬና በቆሎ አሸክሞ ለአክስቱ ይልከዋል፤ እሱ ግን የሚመጣው ለነብር ነው። ከነብር ልጆች የሚያሸንፈው የለም። ክንዱ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ሲስቅ አይታ የማታውቀው ያምሮት፣ በጌም ቤቱ ውስጥ ጥርሱን ስታይ እንባዋ ይመጣል።

አዲሱ ሲዲ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ የነብሩ ጀግና እጅጉ ጥሩ ጭልፊት ጥንድ አጣ። ከጭልፊት ልጆች ጋር መጣመር ሞት መሰለው። በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ጋሹ «እኔ ልግባልህ» አለ።

ያምሮት ደነገጠች። ጋሹ ዘወር ብሎ በጆሮዋ «ልወቀው። አንድ ቀን ብቻ ልወቀው» አላት።

አንድ ቀን ብቻ አልሆነም። ሁለቱ ጥንድ ሆነው ከተማውን ሁሉ አሸነፉ። እጅጉ ሲጎዳ ጋሹ ይገባለታል፤ ጋሹ ሲጎዳ እጅጉ ይገባል። አንዱ ሌላውን ሳያየው ያውቀዋል።

«አንተ ሰውዬ እጅህ ይባረክ!» እያለ እጅጉ ትከሻውን ይመታዋል። «ስምህ ማን ነበር? ተወው፣ ጭልፌ እልሃለሁ። ከእንግዲህ ሌላ ጭልፊት አልፈልግም።»

«እኔም ሌላ ነብር አልፈልግም» ይላል ጋሹ። እውነቱን ነበር።

ያምሮት ከጥግ ሆና ሁለቱን ጀርባዎች ታያለች። አንዱ የወንድሟ፣ አንዱ የወደደችው ሰው። ከሁለቱ ጀርባ አንዱ ቀና ብሎ ዞር ካለ ምን እንደሚሆን እያወቀች፣ እንዳይዞሩ ብቻ ትጸልያለች።

በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ፣ የተበላሸ ራዲዮ በነጠላው የጠቀለለ ገበሬ የጋሹን ክፍል ተዘግቶ ቢያገኘው ወደ ጌም ቤቱ አንገቱን አስገባ። «ራዲዮ ሠሪው የቱ ነው?» አለ። ጋሹን ሲያይ ፊቱ በራ። «ኧረ አንተ የይሄይስ ልጅ አይደለህም ወይ? ቁርጥ አባትህን! ደጀኔን ልትጠይቅ ወኅኒ ስትገባ አይቼሃለሁ እኮ። እንዴት ነው ደጀኔ? በረታ?»

የልጆቹ ጩኸት አልቆመም፤ የሰማው የለም። የሰማው እጅጉ ብቻ ነው። ጣቶቹ ቆሙ። በስክሪኑ ላይ ነብሩ እጁን አንጠልጥሎ ይደበደብ ጀመር።

«እጅጉ! ምን ሁነሀል? ምታ እንጂ!» አሉ ከኋላ።

እጅጉ ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ጋሹን አላየውም፤ ያየው እህቱን ነው።

«ታውቂ ነበር?»

ያምሮት ከጥጉ ተነሥታ ወደ እሱ መጣች።

«ጎኔን ሰጥቼው ስቀመጥ ታውቂ ነበር» አለ። ፈርታ የደበቀችው መስሎታል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ይኖራል ብሎ አላሰበም። ከዚያ ወደ ጋሹ ዞረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ የልጅ ድምፅም አልነበረም። «ካንተ ጋር የሳቅሁትን ሳቅ ሁሉ ትመልስልኛለህ።»

ወጥቶ ሄደ። ጋሹ ጆይስቲኩን እንደያዘ ተቀምጦ ቀረ። የፈራው ለነፍሱ አልነበረም። ጓደኛ የሞተበት ሰው ይመስል ነበር።

* * *

«ዱርቤቴ ሂድ» አለችው ያምሮት ሰኞ ጠዋት፣ በክፍሉ በር ላይ።

«ብሸሽ ይከተለኛል። ካጣኝም ወደ አባቴ ይዞራል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ያልሽው ነዋ። ዕርቅ። እኔ በደጀኔ ፈንታ ድንጋይ ተሸክሜ ከአባትሽ እግር እወድቃለሁ። አባትሽን የምትለምኚው ግን አንቺ ነሽ፤ ካንቺ በቀር ይኼን ደፍሮ የሚለው የለም። ዕርቁ ከወረደ በኋላ ለፋሲካ ሽማግሌ እልካለሁ። ለሁለተኛው ነገር።»

በዚያው ቀን ሚኒባስ ይዛ ቡሬ ወረደች፤ ከዚያም በእግሯ ወደ ቀያቸው ገባች። አባቷ አቶ ወልደ ሥላሴ በግቢው ውስጥ የሞፈር ጫፍ እየጠረቡ ነበር። ክንዱ ከሞተ ወዲህ ጸጉራቸውን አልተላጩም፤ አልጋ ላይም ተኝተው አያውቁም። ከእሳቸው አለፍ ብሎ እጅጉ የአባቱን ጠመንጃ እየወለወለ ነው። እህቱን ሲያይ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ያምሮት ከአባቷ እግር ሥር ወደቀች።

«አባዬ፣ ደሙ ይድረቅ። ዕርቅ ይውረድ ይበሉ።»

አባቷ መጥረቢያውን አስቀመጡ።

«ማን ላከሽ?»

መናገር የምትችልበት ጊዜ ይህ ብቻ ነበር። በኋላ ሌሊቱን ሁሉ ስታስበው፣ ያ ጥያቄ እንደ ተከፈተ በር ፊት ለፊቷ ቆሞ እንደነበር ይታያታል። ግን የገበሬ ልጅ በአባቷ ፊት «ሰው ወድጄ ነው» አትልም። እናቷ ለአባቷ አላለችም፤ አያቷም አላለችም። ይህ በሽማግሌ አፍ፣ በጊዜው የሚመጣ ነገር ነው። ሰውየው የይሄይስ ልጅ ባይሆን እንኳ አትልም ነበር።

«ማንም አልላከኝ» አለች። «ክንዱን ቀበርን፤ እጅጉን ደግሞ እንዳንቀብር ብዬ ነው።»

ይህም እውነት ነበር። ግማሽ እውነት ስለሆነ ምላሷ አልተደናቀፈም።

አቶ ወልደ ሥላሴ የጠረቡትን እንጨት በመዳፋቸው ሲዳብሱ ቆዩ። እንደገና ሲናገሩ ድምፃቸው ሽማግሌ ሆኖ ነበር። «እኔም ደክሞኛል ልጄ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው እንጂ ደክሞኛል። ሂጂ፣ ቄስ ሃይለ ሚካኤልን ጥሪልኝ።»

ወደ ቄሱ ቤት የምትወስደውን ቀጭን መንገድ እየሮጠች ሄደች። ደስ ብሏት ነበር፤ ወንድሟን በቀበረችበት ቀዬ ደስ ስላላትም አፈረች።

* * *

ሽማግሌዎቹ ጥርን ሙሉ ተመላለሱ። የአቶ ይሄይስ ቤት ምንም ቢጠየቅ እሺ ብሏል። አልበገርም ያለው እጅጉ ነበር፤ እሱም በመጨረሻ በወሩ ማብቂያ ጠመንጃውን ለቄስ ሃይለ ሚካኤል አስረከበ። «አባቴ የሚበቃውን ካገኘ ይበቃኛል» አለ። «ካላገኘ ግን መልሱልኝ።» ቄሱም ቃል ገቡለት።

የዕርቁ ቀን ጠዋት እናቷ ወይዘሮ ባንቺአየሁ በክዳን የተሸፈነች ትንሽ ገንቦ ለያምሮት ሰጠቻት።

«ይኼን አንቺ ያዢ። ነጩ ማር ነው፤ እንዳይፈስ።»

«ማሩ ለምንድን ነው፣ እማዬ?»

እናቷ ዙሪያዋን አየች። ከሐዘኑ ጊዜ ጀምሮ ጠፍቶ የነበረ ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር። «አባትሽ ለማንም አልተናገረም፤ ለሽማግሎቹም እዚያው ነው የሚነግራቸው። ካሳ አልቀበልም ብሏል። በልጄ ዋጋ ከብት አልነዳም አለ። ልጅ በልጅ ይተካልኝ ነው ያለው።»

«እንዴት ይተካል?»

«ያንን ጋሹ የሚባለውን ልጃቸውን የጡት ልጅ ሊያደርገው ነው። ጣቱን ማር ነክሮ ሊያጠባው። ከዛሬ ጀምሮ የክንዱን ቦታ ይይዛል፤ ላንቺም ለእጅጉም ወንድም ይሆናል። የጡት ልጅ ከሥጋ ልጅ አይለይም፤ ይወርሳል፣ ይቀብራል፣ እህቱንም ይድራል።»

ገንቦዋ በያምሮት እጅ ውስጥ ከበደች።

«እማዬ...»

«ምነው?»

«እማዬ፣ እኔ...»

«እኔም እንዳንቺው ነው የደነገጥሁ» አለች እናቷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ኧረ ባንቺ ልመና ነው ይኼ ሁሉ! ትናንት ማታ አባትሽ አልጋው ላይ ወጥቶ ተኛ። ሲያንኮራፋ ብሰማው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።»

ያምሮት ልትናገረው የነበረውን ዋጠችው። የእናቷን ፊት አየችና፣ ያንን ብርሃን በራሷ አፍ ማጥፋት እንደማትችል ገባት። የገባት ነገር ሞት ሞት አላት።

* * *

የተሰበሰቡት ክንዱ በወደቀበት ወሰን ላይ ነው። እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ነበር። በአንድ በኩል የወልደ ሥላሴ ሰዎች፣ በሌላው የይሄይስ ሰዎች፣ በመካከል ሽማግሎቹና መስቀል የያዙት ቄስ ሃይለ ሚካኤል። ሴቶቹ ከኋላ ቆመዋል። እጅጉ ከአባቱ ጎን እጆቹን በጋቢው ውስጥ አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

ጋሹ ባዶ እግሩን፣ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ወሰኑን ተሻገረ። አባቱ አቶ ይሄይስ ከኋላው ይከተላሉ። ከአቶ ወልደ ሥላሴ ፊት ሲደርስ ተንበረከከና በግንባሩ ወደቀ።

«አጥፍተናል። ስለ እግዚአብሔር ይማሩን!»

«ስለ እግዚአብሔር! ስለ ድንግል ማርያም!» አሉ ሽማግሎቹ በአንድ ድምፅ።

አቶ ወልደ ሥላሴ ተነሡ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ በገዛ እጃቸው አንሥተው ወደ ጎን ጣሉት።

«ይቅር ለእግዜር ብያለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እሳቸው ግን እጃቸውን አነሡ። «አንድ ነገር ግን አለኝ። ካሳ አልፈልግም። ከብትም ብርም የክንዱን አልጋ አይሞላልኝም። ይኼን ልጅ ስጡኝ። ከእናንተ አልነጥለውም፤ ለናንተም ልጅ ይሁን፣ ለኔም። አጠባዋለሁ። ደም የተቋጠረው በልጅ ነው፤ በልጅ ይፈታ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ምሕረት ከስንት ዘመን በፊት ሰምተው እንደሆነ የሚያስታውሱ ይመስል ነበር። አቶ ይሄይስ መሬት ላይ ተደፍተው አለቀሱ።

ጋሹ ግን ተንበርክኮ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ዓይኑ ከአቶ ወልደ ሥላሴ ፊት ተነሥቶ ወደ ሴቶቹ ሄደ፤ ያምሮትን አገኛት። በእጇ ያለውን አየ። ገባው። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሲሸሽ ከዚያ ድረስ ታያት።

«በል እንጂ ልጄ» አሉት አባቱ። «ምን ትጠብቃለህ? ጉልበቱን ሳም!»

«አባቴ...» አለ ጋሹ ለአቶ ወልደ ሥላሴ፤ ድምፁ ተሰንጥቋል። «ጉልበቴን ይውሰዱ። ዕድሜዬን ሁሉ አርሼ ላብላዎት። ልጅነት ግን... ልጅነት አይገባኝም።»

ማጉረምረም ተነሣ። አቶ ወልደ ሥላሴ እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ አሉ።

«የሟች ልጄን ቦታ ሰጠሁህ፤ ናቅኸው?»

«አልናቅሁም! በመድኃኔ ዓለም አልናቅሁም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

የጋሹ ዓይን እንደገና ወደ ያምሮት ተመለሰ። ልመና አልነበረበትም፤ ጥያቄ ነበር። አንድ ጊዜ በእሺታ ራሷን ብትነቀንቅ እዚያው፣ በሁሉም ፊት እውነቱን ሊናገር ነው። እሷም ይህን አወቀች። እጅጉ ከጋቢው ውስጥ እጁን አወጣ፤ ወደ ቄስ ሃይለ ሚካኤልም ዞሮ ቃላቸውን በሚያስታውስ ዓይን አያቸው።

ያምሮት ሄደች። ከሴቶቹ መካከል ወጥታ በታጨደው ማሳ ላይ ተራመደች። የሚያስቆማት ሰው አልነበረም፤ ማሩ በእሷ እጅ ነውና መምጣቷ ሥርዓቱ መሰላቸው።

«አልናቀዎትም አባዬ» አለች። «ደንግጦ ነው። ይኼን ያህል ምሕረት አልጠበቀም።»

ከጋሹ ፊት ተንበረከከች። የገንቦዋን ክዳን አነሣች። እንዲህ በቅርብ ተያይተው አያውቁም። የቅንድቡን ጸጉር፣ ድንጋዩ የላጠውን ማጅራት፣ በከንፈሩ ላይ የደረቀውን አፈር አየች። ከእሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ «ኑርልኝ» አለችው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰሙ ቀና ብላ ተናገረች።

«አባታችን እየጠበቁህ ነው፣ ወንድሜ።»

ጋሹ ዓይኑን ጨፈነ። ሲጨፍነው ሁለት ጠብታ ወረደ፤ ያዩት ሁሉ የንስሐ እንባ ነው አሉ። አቶ ወልደ ሥላሴ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩት። ጋሹ አፉን ከፈተ።

እልልታው ከሁለቱም ወገን ተነሣ። እጅጉ ሮጦ ሄዶ ጋሹን አንገቱን አቀፈው፤ እንደ ሕፃንም ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ያምሮት ገንቦዋን ይዛ እዚያው ተንበርክካ ቀረች። ሁለቱም ሕያው ናቸው። እሷ የለመነችው ይህን ነበር፤ ሳይጎድል ተሰጥቷታል።

* * *

ቤት ሲገቡ ለጋሹ ከአቶ ወልደ ሥላሴ ቀጥሎ ያለውን መደብ ሰጡት፤ ክንዱ ይቀመጥበት የነበረውን። እንግዳው ሁሉ ገና እየገባ፣ ጠላው እየተቀዳ ነበር።

«ያምሮት!» አሉ አባቷ። እንዲህ ባለ ድምፅ ከጠሯት ዓመታት አልፈዋል። «ውኃ አምጪ። የወንድምሽን እግር እጠቢ፤ ባዶ እግሩን ነው የመጣው።»

ለብ ያለ ውኃ በገበታ አቀረበች። ጋሹ ወዲያው እግሩን ሰበሰበ። «ተይው፣ እኔው እታጠበዋለሁ።»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ አንድ ሽማግሌ እየሳቁ። «ከከተማ ስለመጣህ ነው? እህት ምን ልትሠራ ነው ታዲያ?»

«አፍሮ ነው፤ ይለምዳል» አሉ አቶ ወልደ ሥላሴ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ደግ ሳቅ ነበር።

ያምሮት እግሩን በሁለት እጇ ያዘች። የማሳው የታጨደ አገዳ ቆረን የወጋው ቦታ ደምቶ ደርቋል። ውኃ እያፈሰሰች፣ በመዳፏ ቀስ እያለች ተረከዙን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን አፈር አጠበች። ስንት ወር ሙሉ ጆይስቲክ ሲቀባበሉ ጣቱን እንዳትነካ ስትጠነቀቅ፣ ከነካችውም ሰው አየኝ ብላ ስትደነግጥ ኖራለች። ዛሬ በአባቷ ፊት፣ በቄሱ ፊት ትዳብሰዋለች። ዞር ብሎ የሚያያት እንኳ የለም።

«ያሚዬ» አላት ከላይ፣ በትንፋሽ።

«ሰው ይሰማል» ልትል ነበር። ቢሰማስ? ወንድም እህቱን በፈለገው ስም ይጠራታል።

«አሳመምሁህ?» አለች በምትኩ።

«አላሳመምሽኝም።»

በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችለት። ከዚያ፣ እንደ ወጉ፣ ጎንበስ ብላ እግሩን ሳመች።

ከንፈሯ ገላውን ሲነካ የመጀመሪያው ነበር። ልቧ እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ ቀን ደነገጠ፤ ዕርቅ መውረዱን፣ ማሩን፣ የጡት ልጅነቱን አልሰማም ነበር፤ ልብ አልተሸመገለም። ቀና ስትል አባቷ በእንባ በራሰ ዓይን ፈገግ ብለው እያዩዋት ነው።

«ተባረኪ ልጄ» አሏት።

ምርቃቱን ጎንበስ ብላ ተቀበለች። የእግሩ ሙቀት በከንፈሯ ላይ እንዳለ ገበታውን አነሣች፤ ኃጢአት የሚመስላትን ያን ሙቀት ለማጥፋት ግን እጇን ወደ አፏ ለማንሣት አቅም አላገኘችም።